በመርፌ ዕፅ ለሚወስድ የቤተሰብ ሰው የቱ ሕክምና ይሻላል? ኢመርጀንሲ ወይስ ክሊኒክ፣ ሜታዶን ወይስ ቡፕረኖርፊን፣ ሌላም ሌላም

ይሄ አሜሪካ ላላችሁ ነው፣ ቤት ውስጥ ፌንታኒል ወይ ሄሮይን በመርፌ የሚወስድ ልጅ፣ ወንድም፣ እህት ወይ ባል ላለባችሁ። ሲልቨር ስፕሪንግም አሌክሳንድሪያም ሲያትልም ሚኒያፖሊስም አለ፣ ግን ሰው ምን ይለናል ስለሚባል «ልጁ ትንሽ አሞት ነው» ተብሎ ይሸፈንና አንድ ሌሊት ኢመርጀንሲ ላይ ዶክተሩ አራት አምስት ምርጫ በእንግሊዝኛ ደርድሮ ይጠይቃል፣ እናትም «የሚሻለውን ስጡልኝ» ትላለች። የሚሻለው የቱ እንደሆነ ግን ልጁን ካላወቁት ሐኪሙም አያውቀውም። ሐኪማችሁን ለመተካት አይደለም የምጽፈው፣ ጥያቄ ይዛችሁ እንድትገቡ ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በፈረንጅ ናቸው።

እኔ እነዚህን ነገሮች የማወዳድረው በአንድ ጥያቄ ነው። ልጁ አንድ ቀን ቢቀር፣ ሳምንት ቢጠፋ፣ መሃል ላይ ቢያቋርጥ ምን ይሆናል? ሁሉም መድኃኒት በሰዓቱ ሲወሰድ አሪፍ ነው፣ ይሄ ሰው ግን በሰዓቱ የማይገኝ ሰው ነው፣ ይሄን እያወቅን «ከሁሉ ጠንካራው የቱ ነው» ብለን ብንጠይቅ የማይጨርሰውን ነገር እንመርጥለታለን።

ሲያመው መጀመሪያ የት?

ያሉት በሮች አራት ናቸው፦ ኢመርጀንሲ፣ ኧርጀንት ኬር፣ የራሱ ዶክተር (ካለው)፣ እና ንጹህ መርፌ የሚያድሉት ፕሮግራሞች። ብዙ ወላጅ የመጨረሻውን «ዕፅ የሚያበረታቱ» ብሎ ይጠላል፣ እኔ ግን ለቁስልና ለምርመራ ከሁሉም በፊት ወደዛ ብትልኩት ደስ ይለኛል፣ ምክንያቱም ልጁ እዛ ሲሄድ አይዋሽም፣ ክንዱን ገልጦ ያሳያል፣ ብዙዎቹ ጋ ደግሞ ቁስል የሚያይ ነርስ አለ፣ የኤች አይ ቪና የጉበት ምርመራ አለ፣ ኦቨርዶዝ የሆነን ሰው የሚመልሰውን ናሎክሶንም በነፃ ይሰጣሉ። ኧርጀንት ኬር ለትንሽ መግል ለቋጠረ እብጠት ይሆናል፣ ከፍተው ያፈሱለታል። ቤት ውስጥ በምላጭም በመርፌም እንዳትነኩት፣ እብጠቱ ደም ስር አጠገብ ከሆነ መግል ሳይሆን ደም ነው የሚመጣው።

አሁን ኢመርጀንሲ የግድ የሚሆንባቸው። አንደኛው ትኩሳት ነው፣ በመርፌ የሚወስድ ሰው ትኩሳት ካለው፣ ጉንፋን ቢመስልም፣ ደሙ ለባክቴሪያ መመርመር አለበት፣ ምክንያቱም የልብ ቫልቭ ኢንፌክሽን ሲጀምር ከጉንፋን በዓይን አይለይም። እነሱ ራሳቸው «ጥጡ ነው፣ ነገ ይለቀኛል» ይላሉ፣ ዕፁን በጥጥ ካጣሩ በኋላ የሚመጣ ትኩሳት አለ፣ እውነትም ብዙ ጊዜ በቀን ውስጥ ይለቃል፣ ግን ያ ይሁን ሌላው ቤት ተቀምጦ የሚያውቅ የለም። ኧርጀንት ኬር ሄዶ «ፍሉ ነው» ተብሎ ታይለኖል ይዞ የተመለሰ ሰው በመርፌ እንደሚወስድ ስላልተናገረ ሊሆን ይችላል፣ ስለዚህ በር ላይ ገና «በመርፌ እወስዳለሁ» ማለት አለበት፣ እፍረቱን ዋጥ አድርጎ።

ሁለተኛው ትኩሳት ያለበት ወይም እየባሰ የሚሄድ የጀርባ ሕመም፣ በተለይ እግር ከደከመ ወይ ሽንት እምቢ ካለ፤ መግሉ አከርካሪው ውስጥ ነርቩን እየተጫነ ሊሆን ይችላል፣ እዚህ ላይ ሰዓታት ናቸው እግሩን የሚወስኑት። ከዛ ደግሞ ቆዳው ላይ ከሚታየው በላይ የሚያም ቁስል፣ ቶሎ ቶሎ የሚሰፋ፣ የሚጠቁር ወይ ሲነኩት እንደ አረፋ የሚንኮሻኮሽ፣ እሱ ሥጋ የሚበላው ኢንፌክሽን ነውና ኦፕራሲዮን ነው የሚፈልገው። ከተወጋ በኋላ እጁ ወዲያው ከነጣ፣ ከቀዘቀዘና በጣም ካመመው ደም ቅዳ ቧንቧ ነው የተወጋው። የዓይን ቆብ መውደቅ፣ ነገር ሁለት ሆኖ መታየት፣ ምላስ መተሳሰር ከመጣ ደግሞ ቁስል ውስጥ የገባ ቦቱሊዝም ሊሆን ይችላል፣ በብዛት የሚታየው ከጥቁሩ ታር ሄሮይን ጋር ነው፣ ቀጥሎ መተንፈሻውን ነው የሚይዘው። አንድ እግር ብቻ ካበጠ፣ በተለይ ብሽሽቱ ላይ የሚወጋ ከሆነ፣ የደም መርጋት ነው የሚፈራው።

ዛይላዚን የሚባለው ነገር ያመጣው ቁስል ለብቻው ነው። የእንስሳት ማደንዘዣ ነው፣ ከፌንታኒል ጋር እየደባለቁ ይሸጡታል፣ ዋይት ሀውስም በሚያዝያ 2023 ብሔራዊ ስጋት ብሎ አውጆበታል። ቁስሉ ያልተወጋበት ቦታ ላይም ይወጣል፣ ጥቁር ቅርፊት ይይዛል፣ ቤተሰብ ሲያየው እግሩ የበሰበሰ ይመስለዋል። ለዚህ ትኩሳት ከሌለው፣ አጥንትም ጅማትም ካልታየ፣ ኢመርጀንሲ አሥር ሰዓት ከመጠበቅ ቁስል የሚያጥብ ክሊኒክ ወይ ያ የመርፌ ፕሮግራም ይሻላል፣ ምክንያቱም የሚያድነው አንድ ቀን የሚደረግ ነገር ሳይሆን ለሳምንታት በውሃና በሳሙና እያጠቡ፣ እርጥብ አድርጎ እየሸፈኑ መቆየት ነው። አልኮልና ፐርኦክሳይድ አታፍስሱበት፣ የሚድነውንም ሥጋ ያቃጥላል። ፊላደልፊያ አካባቢ ያላችሁ ደግሞ ከ2024 ጀምሮ ሜዲቶሚዲን የሚባል ሌላ ማደንዘዣ ገብቷል፣ ሲቋረጥ የደም ግፊትና የልብ ምት ሽቅብ ይወጣል፣ ማስመለሱ አያቆምም፣ ብዙዎች አይሲዩ ገብተዋል። እዛ አካባቢ «ክፍል ቆልፈን እናስተወው» የሚባለው ነገር በጭራሽ አይሞከርም።

በልብ ቫልቭ ኢንፌክሽን ሆስፒታል ተኛ እንበል፣ ስድስቱን ሳምንት የት ያሳልፋል?

ይሄኛው ላይ ረዘም እላለሁ ምክንያቱም ቤተሰብ የሚጣላው እዚህ ላይ ነው። ከቆዳ ላይ የሚገባው ባክቴሪያ፣ በብዛት ስታፍ የሚባለው፣ በደም ሄዶ ልብ ቫልቭ ላይ ይቀመጣል። በመርፌ በሚወስዱ ሰዎች ብዙ ጊዜ የቀኙ ቫልቭ ነው የሚያዘው፣ ከዛ ላይ ቁርጥራጩ እየተነሳ ሳንባ ውስጥ ይረጫል፣ ኒሞኒያ ይመስላል። ግራው ከተያዘ ግን ቁርጥራጩ ወደ አንጎል ሊሄድ ይችላል፣ ስትሮክ ማለት ነው። መድኃኒቱ በደም ስር የሚሰጥ አንቲባዮቲክ ነው፣ ብዙውን ጊዜ እስከ ስድስት ሳምንት፣ ቀለል ያለ የቀኝ ቫልቭ ከሆነ ግን አንዳንዴ በሁለት ሳምንት ያልቃል፣ ስለዚህ «የየትኛው ቫልቭ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ።

የመጀመሪያው ምርጫ ስድስቱንም ሳምንት ሆስፒታል መተኛት። ወላጅ ይሄን ነው የሚወደው፣ «ቢያንስ ከመንገድ ወጣ» ይላል። መድኃኒቱ በእርግጥም ይደርሰዋል። ግን ሃያ ስምንት ዓመት የሆነው ልጅ ሕመሙ ሳይታገስለት፣ ሀራራው እያንቀጠቀጠው፣ ነርሶቹ በጥርጣሬ እያዩት ስድስት ሳምንት አልጋ ላይ ይቀመጣል? በአሥረኛው ቀን ፈርሞ ይወጣል፣ ባዶ እጁን። ሲያቋርጥ ከሁሉም የከፋው ውጤት ያለው ይሄ ምርጫ ነው።

ሁለተኛው ክንድ ላይ ረጅሙን ቱቦ (ፒክ ላይን ይሉታል) አስገብቶ ቤት መላክ። ለሌላው በሽተኛ ይሄ የተለመደ ነው፣ ለዚህኛው ግን ብዙ ሆስፒታሎች እምቢ ይላሉ፣ በቱቦው ዕፅ ይወጋበታል ብለው። እኔ በጅምላ እምቢ መባሉ ልክ አይመስለኝም፣ የተረጋጋ ቤት ያለው፣ የሱሱን መድኃኒት (ሜታዶን ወይ ቡፕረኖርፊን) የጀመረ፣ ነርስ በየሳምንቱ የምታየው ሰው ሊጨርሰው ይችላል፣ ስለዚህ እናንተ ቤት የሚያርፍ ከሆነ ያንን ለሐኪሞቹ ንገሯቸው፣ ውሳኔውን ሊቀይረው ይችላል። ቢጠፋ ግን ቱቦውን ይዞ ነው የሚጠፋው፣ ያ ራሱ የኢንፌክሽን በር ነው።

ሦስተኛው ነርሲንግ ሆም ውስጥ መጨረስ። እዚህ ላይ «ሜታዶን የሚወስድ አንቀበልም» የሚሉ ያጋጥሟችኋል፣ ዝም ብላችሁ እንዳትመለሱ። የአካል ጉዳተኞች መብት ሕግ ይሄን ይከለክላል፣ የፌደራል ዓቃቤ ሕግ ከ2018 ጀምሮ ማሳቹሴትስ ውስጥ እንዲህ ያሉ ተቋማትን እየጠራ ስምምነት አስፈርሟል፣ ፍትህ ሚኒስቴሩም በ2022 በጽሑፍ ግልጽ አድርጎታል። የሆስፒታሉን ሶሻል ወርከር ይሄን ጥቀሱላት።

አራተኛው ዳልባቫንሲን የሚባል አንቲባዮቲክ ነው፣ ሰው ብዙም አያውቀውም። አንዴ በደም ስር ተሰጥቶ በሰውነት ውስጥ ለሳምንታት ይቆያል፣ ብዙ ጊዜ አንዱ ዛሬ ሌላው ከሳምንት በኋላ ሁለት ጊዜ ነው የሚሰጠው። ቱቦ የለም፣ አልጋ የለም፣ ቢጠፋ እንኳ መድኃኒቱ ውስጡ ነው። እንደኔ ሆስፒታል ለማይቀመጥ ልጅ ከሁሉም በላይ የሚያስፈልገው ይሄ ነው፣ ችግሩ ውድ መሆኑና ደሙ በመጀመሪያው አንቲባዮቲክ ከጸዳ በኋላ ነው የሚታሰበው፣ ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ቀናት መተኛቱ አይቀርም። ኢንሹራንሱ (ሜዲኬይድም ቢሆን) እንዲፈቅድ ማመልከቻው ቶሎ መጀመር አለበት፣ በመጨረሻው ቀን አይደለም።

አምስተኛው ወደሚዋጥ እንክብል መዞር። በ2019 በታተመ ጥናት ዴንማርኮች 400 በሽተኛ ላይ ሞክረው፣ በደም ስር ጀምረው ሲረጋጉ ወደ እንክብል የተዛወሩት ከሌሎቹ ያላነሰ ድነዋል፣ ግን ሁሉም የግራ ቫልቭ ነበሩ፣ በመርፌ የሚወስዱት ደግሞ ከመካከላቸው በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ስለዚህ ሐኪሙ «ጥናቱ የእናንተን ልጅ አይመለከትም» ቢል ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም። ነገር ግን ልጁ ጫማውን እያሰረ ከሆነ ጥያቄው «እንክብል ወይስ ስድስት ሳምንት» መሆኑ ቀርቷል፣ «እንክብል ወይስ ምንም» ነው፣ ያኔ እንክብሉን ተቀብሎ ይውጣ፣ ቀጠሮም ይሰጠው። ሐኪሙ ተናዶ ባዶውን እንዳይለቀው የምትለምኑት እናንተ ናችሁ።

ከአምስቱ የትኛውም ቢመረጥ ግን ከሁሉ የሚቀድመው የመጀመሪያው ቀን ላይ ሀራራው መታከሙ ነው። ብዙ ነርስና ሐኪም ሳይቀር «ሜታዶን ለመስጠት ፈቃድ የለንም» ይላል፣ ይሄ ስህተት ነው፣ በሌላ በሽታ የተኛን ሰው ሆስፒታሉ ያለ ልዩ ፈቃድ ሜታዶንም ቡፕረኖርፊንም መስጠት ይችላል። «አዲክሽን ኮንሰልት» (የሱስ ሐኪም ይየው) ብላችሁ ጠይቁ፣ ከሌላቸው ፋርማሲስቱን ጥሩ። ከሆስፒታል የሚሸሽ ልጅ ብዙ ጊዜ ባለጌ ስለሆነ አይደለም የሚሸሸው፣ ስለሚያመው ነው።

የሱሱ መድኃኒት፦ ሜታዶን፣ ቡፕረኖርፊን፣ ናልትሬክሶን

መጀመሪያ «አንዱን ሱስ በሌላ ሱስ መቀየር ነው» የሚለውን እናንሳና እንለፈው። ሜታዶንና ቡፕረኖርፊን ላይ ያለ ሰው የመሞት ዕድሉ በግምት በግማሽ ይቀንሳል፣ ይሄ በተለያየ አገር በተደጋጋሚ የታየ ነው፣ መርፌውም ስለሚቀንስ ከላይ የዘረዘርኳቸው ጣጣዎች በሙሉ አብረው ይቀንሳሉ። ኮኬይን ወይ ሜት ብቻ በመርፌ ለሚወስድ ግን እነዚህ አይሠሩም፣ ለዛ ሌላ ዓይነት ፕሮግራም ነው የሚፈለገው፣ ንጹህ የሽንት ምርመራ ላመጣ ትንሽ ሽልማት የሚሰጥበት፣ ኮንቲንጀንሲ ማኔጅመንት ይሉታል፣ ነገሩ ቢያስቅም ከሁሉም የተሻለ ማስረጃ ያለው እሱ ነው።

ሜታዶን ጠንካራው ነው። ከፍተኛ ፌንታኒል ለለመደ ሰውነት፣ ቡፕረኖርፊን ሞክሮ ላልያዘው፣ ወይ ከባድ የሕመም ስሜት ላለበት እኔ ይሄን አስቀድማለሁ። ለመጀመር ሀራራ መጠበቅ የለም፣ በዛው ቀን ይጀምራል። ችግሩ አሜሪካ ውስጥ ለሱስ የሚሰጠው ፈቃድ ባለው ክሊኒክ ብቻ ነው፣ ፋርማሲ ሄደህ አታመጣውም፣ መጀመሪያ ላይ በየጠዋቱ መሰለፍ አለ። ከ2024 ወዲህ ግን የፌደራሉ ደንብ ላልቷል፣ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት እስከ 7 ቀን፣ ከዛ እስከ 14፣ ከወር በኋላ እስከ 28 ቀን የሚሆን ወደ ቤት መስጠት ይፈቀዳል፣ የመጀመሪያ ቀን መጠኑም እስከ 50 ሚሊግራም ሊደርስ ይችላል። ይፈቀዳል ማለት ክሊኒኩ ያደርገዋል ማለት አይደለም፣ ክፍለ ሀገሩም ክሊኒኩም የራሱን ይጨምራል፣ ስለዚህ ሁለት ክሊኒክ ደውሉና አወዳድሩ፣ «ለአዲስ ሰው የስንት ቀን ትሰጣላችሁ? ስንት ሰዓት ትከፍታላችሁ? አንድ ቀን ቢቀር ምን ታደርጋላችሁ?» ብላችሁ። ሥራው ኡበር ወይ ፓርኪንግ ከሆነና ከንጋቱ በፊት ከተነሳ የመክፈቻው ሰዓት ከመድኃኒቱ እኩል ነው።

ሲቀር ምን ይሆናል? አንድ ቀን ቢቀር ያመዋል፣ ብዙ ቀን ከቀረ መጠኑን ቀንሰው ነው የሚያስጀምሩት ምክንያቱም ሰውነቱ ስለረሳው የድሮው መጠን ሊገድለው ይችላል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታትም ራሳቸው አደጋ አላቸው፣ በላዩ ላይ ሌላ ከወሰደ፣ በተለይ ዛናክስ የመሳሰለውን ማረጋጊያ ወይ አልኮል። ልብ ምቱንም በኢሲጂ ማየት ያስፈልጋል። ወደ ቤት የመጣው ጠርሙስ ተቆልፎ ይቀመጥ፣ ሕፃን አንዴ ከጠጣው ሊሞት ይችላል። አንድ የኛን ሰው በተለይ የሚመለከት ነገር አለ፦ ስንመጣ የተደበቀ ቲቢ ተብሎ ብዙዎቻችን ሪፋምፒን ተሰጥቶናል ወይ ይሰጠናል፣ ያ መድኃኒት ሜታዶንን ከሰውነት ቶሎ ያስወጣዋል፣ ልጁ ሳያውቀው ሀራራ ውስጥ ይገባና ተመልሶ መርፌ ፍለጋ ይወጣል። ቲቢ ክሊኒኩ ስለ ሜታዶኑ፣ ሜታዶን ክሊኒኩም ስለ ቲቢው ይወቅ።

ቡፕረኖርፊን (ብዙ ሰው በሰቦክሶን ስሙ ነው የሚያውቀው) ከምላስ ሥር የሚሟሟ ነው። ከ2022 መጨረሻ ጀምሮ ልዩ ፈቃድ መጠየቁ ቀርቷል፣ የተለመደው የቤተሰብ ሐኪማችሁም ሊጽፈው ይችላል፣ ኢመርጀንሲም እንደዛው፣ ፋርማሲ ሄዶ ያመጣል፣ ማንም አያውቅበትም። ይሄ «ማንም አያውቅም» የሚለው ለኛ ማኅበረሰብ ቀላል ነገር አይደለም፣ ሜታዶን ክሊኒክ በር ላይ የቤተክርስቲያን ሰው ያየኛል ብሎ የሚቀር ብዙ ነው። መተንፈስን የማፈን አቅሙም ገደብ ስላለው የኦቨርዶዝ አደጋው ከሜታዶን ያነሰ ነው።

ከባዱ መጀመሩ ነው። ቡፕረኖርፊን ወንበሩን የያዘውን ፌንታኒል ገፍቶ አስነስቶ ራሱ ይቀመጣል፣ ስለዚህ ፌንታኒሉ ገና ሳይወጣ ከተወሰደ ሀራራው ባንዴ ይፈነዳበታል፣ አንዴ እንዲህ የሆነበት ሰው ደግሞ ሁለተኛ አልሞክርም ይላል። ለተራ ሄሮይን ከ12 እስከ 24 ሰዓት መጠበቅ ይበቃ ነበር፣ ፌንታኒል ግን ስብ ውስጥ ስለሚከማች ረዘም ይላል። ሌላ መንገድ አለ፣ ሌላውን ሳያቋርጥ በጣም በትንሽ መጠን ጀምሮ በቀናት ውስጥ ከፍ ማድረግ፣ ሐኪሙን ስለዚህ ጠይቁት። ከተሟሟ በኋላ አፉን በውሃ ይጉመጥመጥ፣ ጥርሱን ለመቦረሽ ደግሞ አንድ ሰዓት ይጠብቅ፣ ጥርስ ይጎዳል ተብሎ በ2022 ማስጠንቀቂያ ወጥቶበታል።

እዚሁ ውስጥ የወር መርፌው አለ፣ በሳምንት የሚሰጥም አለው። ሰብሎኬድ ከ2017 ጀምሮ፣ ብሪክሳዲ ከ2023 ጀምሮ ነው የተፈቀዱት። ክሊኒክ ውስጥ ከቆዳ ሥር ይወጋል፣ ለሰው እጅ አይሰጥም። በኔ ጥያቄ ብንመዝነው አንደኛ የሚወጣው ይሄ ነው፦ መሸጥ የለ፣ መርሳት የለ፣ «ዛሬ ወሰድክ?» የሚል የጠዋት ጭቅጭቅ የለ፣ ቀጠሮ ቢያልፈው እንኳ ቀስ እያለ ነው የሚወርደው። ለናትም ለልጅም እረፍት ነው። ኢንሹራንስ ቅድመ ፈቃድ ሊጠይቅ ይችላል፣ ክሊኒኩም መድኃኒቱን ማዘዝ የለመደ መሆን አለበት።

ናልትሬክሶን (ቪቪትሮል) ወላጆች የሚወዱት ነው፣ «ኦፒዮይድ (የሄሮይንና የፌንታኒል ዘር) የለበትም፣ ንጹህ ነው» ተብሎ ስለሚነገራቸው። በወር አንዴ ይወጋል፣ ዕፁ እንዳይሠራ ይዘጋል። ግን ለመጀመር ከ7 እስከ 10 ቀን ሙሉ በሙሉ ንጹህ መሆን አለበት፣ በ2018 አሜሪካ ውስጥ ሁለቱን ጎን ለጎን ባነጻጸረው ጥናት ናልትሬክሶን ከደረሳቸው 28 በመቶው መጀመሩን እንኳ ሳይችሉ ቀርተዋል፣ ቡፕረኖርፊን ከደረሳቸው ግን 6 በመቶው ብቻ። ሞትን እንደሚቀንስም እንደሌሎቹ አልታየም። ከሁሉም የሚያስፈራኝ ሲያቋርጥ ነው፣ ሰውነቱ ልምዱን ጨርሶ ስለረሳ የድሮውን መጠን ከወሰደ ላይነሳ ይችላል። ለቫልቭ ኦፕራሲዮን የተቃረበ ሰው ደግሞ የኦፒዮይድ የሕመም ማስታገሻ ስለማይሠራለት ጭራሽ አይሆንም። ለማን ይሆናል? ከእስር ወይ ከረጅም ሪሃብ ንጹህ ሆኖ ለወጣ፣ ሌሎቹን በራሱ ፍላጎት (በአባቱ ፍላጎት ሳይሆን) እምቢ ላለ።

ነፍሰ ጡር ከሆነች አጭር ነው፦ ሜታዶን ወይ ቡፕረኖርፊን፣ ባንዴ ማቋረጥ የለም፣ ሕፃኑ ሲወለድ ቢንቀጠቀጥ የሚታከም ነገር ነው።

«መቼ ነው የሚያቆመው?» የሚለው ጥያቄ ይመጣል። ቀነ ገደብ የለውም፣ ካቆመ በኋላ ያሉት ሳምንታት ናቸው ብዙ ሰው የሚሞትባቸው፣ ስለዚህ ለሠርግ ወይ ለአገር ቤት ጉዞ ተብሎ ቶሎ ቶሎ አታስቆሙት።

ዲቶክስ፣ ሪሃብ፣ ጸበል፣ አገር ቤት መላክ

ዲቶክስ ብቻውን ሕክምና አይደለም። አምስት ሰባት ቀን ተኝቶ ሀራራው ወጥቶለት፣ ያለ መድኃኒት ወደዛው ሰፈር ይመለሳል፣ የመቻል አቅሙ ወርዷል፣ ፍላጎቱ ግን እዛው ነው። ሪሃብ ስትመርጡ ስለ መዋኛ ገንዳው ሳይሆን «ሜታዶንና ቡፕረኖርፊን ትቀጥሉለታላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ፣ አይ ካሉ ሌላ ፈልጉ፣ ሠላሳ ሺህ ዶላር ቢያስከፍሉም።

ጸበልን ከሕክምና ጋር አላወዳድረውም፣ ማወዳደርም አያስፈልግም። አቡነ ጳውሎስ በሕይወት እያሉ የኤች አይ ቪ መድኃኒት ከጸበል ጋር አብሮ መወሰድ እንደሚችል ተናግረው ነበር፣ ይሄም ከዛ የሚለይበት ምክንያት አይታየኝም። ልጁ ጸበል መሄድ ከፈለገ ይሂድ፣ እንክብሉን ይዞ። «እምነት ካለህ መድኃኒቱን ጣል» የሚል ሰው ከመጣ ግን እዛ ላይ ቆም በሉ።

አገር ቤት መላክ የብዙዎች የመጨረሻ ካርታ ነው፣ ጓደኞቹን ይርሳ ተብሎ። ሜታዶን ወይ ቡፕረኖርፊን ላይ ካለ ግን ቲኬት ከመቁረጣችሁ በፊት የሚቀጥልበት ሐኪምና የሚገኝበት ቦታ በእርግጠኝነት ይታወቅ፣ መድኃኒቶቹም ቁጥጥር ስላለባቸው በኤርፖርት ወረቀት ይፈልጋሉ። ይሄ ካልተሟላ የምትልኩት ወደ ሀራራ ነው፣ ሲመለስም የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ነው የሚያስፈራው።

ጉበትና ኤች አይ ቪ

ሄፓታይተስ ሲ ላይ ምርጫው ቀላል ነው፣ ሁለት ዋና መድኃኒት አለ፣ ሁለቱም ከ95 በመቶ በላይ ያድናሉ። ማቪሬት በቀን ሦስት እንክብል ከምግብ ጋር ለ8 ሳምንት፣ ኤፕክሉሳ በቀን አንድ ለ12 ሳምንት። ለሚጠፋ ልጅ አጭሩን እመርጣለሁ። ጉበቱ ውሃ እስከመቋጠር ተጎድቶ ከሆነ ግን ማቪሬት አይሆንም፣ የጨጓራ መድኃኒት (ኦሜፕራዞል ምናምን) የሚወስድ ከሆነ ደግሞ ኤፕክሉሳ ጋ ይጋጫል። «መጀመሪያ ዕፁን ተው» የሚል ሐኪም ካጋጠማችሁ ቀይሩት፣ የአሜሪካ የጉበት ሐኪሞች መመሪያ እየወሰደም ቢሆን ይታከም ነው የሚለው። ከመጀመሩ በፊት ሄፓታይተስ ቢ ይመርመር፣ ካለበት ሊነሳበት ስለሚችል፤ ቢ ደግሞ አገራችን ውስጥ ብዙ ነው። ከሌለበት ይከተብ።

ለኤች አይ ቪ መከላከያ በየቀኑ የሚዋጠው አሮጌው እንክብል፣ ትሩቫዳና ርካሹ ጄኔሪክ፣ በመርፌ ለሚወስዱ የተሻለ ማስረጃ ያለው እሱ ነው፣ በ2013 በታተመው የባንኮክ ጥናት ከውስጡ ካሉት መድኃኒቶች አንዱ፣ ቴኖፎቪር፣ ብቻውን ተሰጥቶ መያዝን በግማሽ ያህል ቀንሷል። አዳዲሶቹ የመከላከያ መርፌዎች የተፈተኑት በዋናነት በግብረ ሥጋ ለሚተላለፈው ነው፣ በየቀኑ መዋጥ ለማይችል ግን ሐኪሙን ጠይቁበት። የሰው መርፌ ከተጠቀመ 72 ሰዓት ሳያልፍ ኢመርጀንሲ፣ ለ28 ቀን የሚወሰድ መድኃኒት አለ።

ናሎክሶን፦ 4 ወይስ 8?

4 ሚሊግራሙን የአፍንጫ ስፕሬይ ያዙ። ከ2023 ጀምሮ ያለ ማዘዣ ይሸጣል፣ ጤና ቢሮዎችና የመርፌ ፕሮግራሞች ጋ በነፃ ነው። 8 ሚሊግራም የሚባለው ቢመጣም የኒውዮርክ ክፍለ ሀገር ፖሊሶች ሁለቱን ተጠቅመው ሲወዳደር የተረፈው ሰው አልጨመረም፣ ማስመለስና ሀራራ ብቻ ነው የጨመረው፣ ሀራራ ይዞት የተነሳ ሰው ደግሞ ሮጦ ሄዶ ድጋሚ ሊወስድ ይችላል። አንዴ ንፉበት፣ 911 ደውሉ፣ እስኪመጡ ተንፍሱለት፣ ከሁለት ሦስት ደቂቃ በኋላ ካልተነፈሰ ድገሙት። ዛይላዚን ካለበት ባይነቃም መተንፈሱ ከተመለሰ በቂ ነው፣ በጎኑ አስተኙት።

ስልኩ ላይና ቢሮው ውስጥ

አስተርጓሚ በነፃ የማግኘት መብት አላችሁ፣ የፌደራል ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል በሙሉ የማቅረብ ግዴታ አለበት፣ «አምሃሪክ ኢንተርፕሪተር» ማለት ብቻ ነው። የአክስቱን ልጅ አታስተርጉሙ፣ በሷ ፊት የት እንደሚወጋ አይናገርም። ልጁ 18 ካለፈው ደግሞ ሐኪሙ ብዙ ጊዜ ያለሱ ፈቃድ ለናንተ አይነግርም፣ ብትጮሁም። ስለዚህ በደህና ቀን፣ ሆስፒታል ሳይገባ፣ ለማን ምን እንዲነገር የሚፈቅድበትን ፎርም ያስፈርሙት፣ ሁሉንም ባይፈቅድ «በሕይወት መኖሩንና ቀጠሮውን ብቻ» ብሎ ሊፈርም ይችላል። ባይፈርምም እናንተ ለሐኪሙ መናገር ትችላላችሁ፣ የሚከለከለው ሐኪሙ ለናንተ መንገሩ ነው፣ ምን እንደወሰደ፣ መቼ ትኩሳት እንደጀመረው፣ ናሎክሶን ስንቴ እንደተነፋበት ጽፋችሁ ለነርሷ ስጧት።